በህይወት ያለ የሰው ስቴም ሴልን በፍሎረሰንት ፕሮብ መለየት፦ ከፕሌት እስከ ሶርተር ደረጃ በደረጃ

ፕሌቱን ከኢንኩቤተር አውጥታችሁ ማይክሮስኮፕ ስር ስታስገቡት መሀል ላይ ያሉት ኮሎኒዎች ጥቅጥቅ ብለው ጠርዛቸው በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል፣ ዳር ዳሩን ግን የተዘረጋጉ፣ ጠፍጣፋ የሆኑ፣ ቅርፃቸው የተለወጠ ሴሎች አሉ። ከነዚህ ውስጥ አሁንም ስቴም ሴል የሆነው የትኛው ነው? በአይን መገመት ይቻላል፣ ልምድ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ አይስትም፣ ግን ያው ግምት ነው። የስቴም ሴል ምልክት የሆኑትን ኦክት4ን ወይ ናኖግን በአንቲቦዲ ብታዩ ጥሩ መልስ ታገኛላችሁ፣ ችግሩ ሁለቱም ኒውክሊየስ ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ስለሆኑ አንቲቦዲው እንዲደርስባቸው ሴሉን ፊክስ አድርጋችሁ (በኬሚካል ባለበት አስቀርታችሁ) ሽፋኑን መብሳት አለባችሁ፣ ስለዚህ መልሱ ሲመጣ ሴሉ ሞቷል። ነገ ልታሳድጉት የፈለጋችሁት ደግሞ እሱኑ ነበር።

በህይወት ያለ ሴል ውስጥ ገብተው የሚያበሩ ትንንሽ ኬሚካሎች፣ ማለትም ፍሎረሰንት ፕሮቦች፣ የተፈለጉት ለዚህ ነው። ሰዓታት ውስጥ ታያላችሁ፣ ታጥባላችሁ፣ ሴሉ እድገቱን ይቀጥላል። ይሄን መመሪያ የምፅፈው ሴል ካልቸር ለጀመሩ የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪዎች ነው፣ ፒፔት መያዝና ሚዲየም መቀየር ትችላላችሁ ብዬ ነው የምነሳው። በዋናነት ኬፒ-1 በሚባለው ፕሮብ ላይ እሄዳለሁ፣ ሌሎቹንም የት የት እንደሚጠቅሙ እነግራችኋለሁ። ከሁሉም በላይ እንዲገባችሁ የምፈልገው ግን ፕሮቡ ምኑን እንደሚያየው ነው፣ እሱ ካልገባችሁ የበራውን ሁሉ ስቴም ሴል ትሉታላችሁ።

ፕሮቡ ምኑን ነው የሚያየው?

መጀመሪያ ስሞቹን እንለይ። ፕሉሪፖተንት ስቴም ሴል ስንል ወደ የትኛውም የሰውነት ሴል ሊለወጥ የሚችለውን ነው። ከፅንስ የሚወጣው አለ፣ ጄምስ ቶምሰን በ1998 ዊስከንሲን ያወጣው አይነት፣ ኤች9 የሚባለው ዝነኛ ላይን (ከአንድ ምንጭ ተነስቶ እየተራባ የሚቀጥል የሴል ዘር) የዛን ጊዜ ነው። ከቆዳ ሴል ተመልሶ የሚሰራው ደግሞ አይፒኤስ ይባላል፣ ሺንያ ያማናካ ኪዮቶ ላይ በ2006 በአይጥ፣ በ2007 በሰው ሴል ያሳየው ነው፣ ለዚሁም በ2012 ከጆን ጉርደን ጋር ኖቤል ተሸልሟል። ፕሮቦቹ ሁለቱንም አይነት ያቀልማሉ።

ኬፒ-1 የተገኘው እዛው ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ የሞቶናሪ ኡኤሱጊ ቡድን በ2014 ያወጣው ስራ ነው፣ ስሙም ኪዮቶ ፕሮብ 1 ማለት ነው። ብዙ ፍሎረሰንት ኬሚካሎችን ሰብስበው አንድ በአንድ ሞክረው የሰውን ፕሉሪፖተንት ሴል ለይቶ የሚያበራውን መረጡ፣ ከዛ ግን እዛ ላይ አላቆሙም፣ ለምን ለይቶ እንደሚያበራ ፈለጉ። ያገኙት ነገር በጣም ነው የሚገርመው። ኬፒ-1 ሴል ውስጥ ሲገባ ማይቶኮንድሪያ ላይ ይሰበሰባል። ስቴም ሴል ያልሆነው ሴልም ውስጥ ይገባል፣ ግን እዛ አይቆይም፣ ይባረራል። ብዙ የሰው ሴሎች ሽፋናቸው ላይ ኤቢሲ ትራንስፖርተር የሚባሉ ፓምፖች አሏቸው፣ ስራቸው የማይፈለግ ነገር ሲገባ ኤቲፒ (የሴሉን ነዳጅ) እያቃጠሉ ወደ ውጪ መትፋት ነው፣ የካንሰር መድሀኒት እየተለመደ አልሰራ የሚለው አንዱ ምክንያት እነሱ ናቸው። ከነዚህ ፓምፖች ሁለቱ፣ ኤቢሲቢ1 እና ኤቢሲጂ2፣ ኬፒ-1ን ይተፉታል። የሰው ፕሉሪፖተንት ሴል ላይ ደግሞ የሁለቱም መጠን የተጨቆነ ነው። ስለዚህ ቀለሙ ይገባል፣ የሚያስወጣው የለም፣ ይጠራቀማል፣ ያበራል።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ማይክሮስኮፕ ስር አረንጓዴ ሆኖ ሲበራ የምታዩት ሴል እየነገራችሁ ያለው «እነዚህ ሁለት ፓምፖች እኔ ላይ አይሰሩም» ብሎ ነው። ስቴም ሴልነቱን እናንተ ናችሁ ከዛ ላይ ተነስታችሁ የምትገምቱት። ግምቱ ብዙ ጊዜ ልክ ነው፣ ግን ፓምፑን በሌላ ምክንያት ያጣ ሴል ሁሉ እንደዛው ያበራል።

ለማነፃፀር የደም ስቴም ሴልን ውሰዱ። በ1996 ማርጋሬት ጉደል የአይጥ መቅኔን ሄክስት በሚባለው ሰማያዊ ዳይ (ማቅለሚያ) ስታቀልም ስቴም ሴሎቹ ከሁሉም የደበዘዙት ሆነው ነው የወጡት፣ ሳይድ ፖፑሌሽን የሚባለው እሱ ነው፣ ምክንያቱም እነሱ ላይ ኤቢሲጂ2 እንደጉድ ይሰራል፣ ዳዩን ይተፉታል። አያችሁ? መቅኔ ውስጥ ስቴም ሴሉ የጨለመው ነው፣ አይፒኤስ ፕሌት ላይ የበራው ነው፣ የሚለካው ግን በሁለቱም ጊዜ የፓምፕ ስራ ነው። ይሄን የያዘ ሰው ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች ሳይሸመድድ ራሱ ሊጠረጥራቸው ይችላል።

የትኛውን ልምረጥ?

ኬፒ-1 ብቻውን አይደለም። ሲንጋፖር ናሽናል ዩኒቨርሲቲ የያንግ-ቴ ቻንግ ቡድን በ2010 ያወጣው ሲዲዋይ1 አለ፣ ሮዛሚን ከሚባለው የዳይ ቤተሰብ ነው፣ ብርቱካናማ አካባቢ ያበራል፣ መጀመሪያ የተለየው በአይጥ ስቴም ሴል ላይ ነው፣ የሰውም ላይ ይሰራል። አረንጓዴው ቻናል ላይ ጂኤፍፒ (አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን) ያለው ላይን ከሆነ የያዛችሁት ኬፒ-1 አይሆናችሁም፣ ያኔ ሲዲዋይ1 ይሻላል።

አልካላይን ፎስፋቴዝ ላይቭ ስቴይን የሚባለው ደግሞ በኢንዛይም ነው የሚሰራው፣ ዳዩ ሲገባ አያበራም፣ ኢንዛይሙ ሲቆርጠው ያበራል። ፈጣን ነው፣ 20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ከዛ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ውስጥ ከሴሉ ወጥቶ ስለሚያልቅ ኮሎኒ ለመምረጥ ምቹ ነው። ድክመቱን ግን እወቁት፣ ሪፕሮግራሚንግ (ተራ ሴልን ወደ አይፒኤስ መመለስ) እየሰራችሁ ከሆነ ግማሽ መንገድ ላይ የቀሩ ኮሎኒዎችም አልካላይን ፎስፋቴዝ አላቸው። በ2009 የወጣ አንድ ጥናት ሪፕሮግራም እየሆኑ ያሉ ኮሎኒዎችን በህይወት እያሉ ተከታትሎ ይሄንኑ አሳይቷል፣ እስከመጨረሻው የደረሱትን ከለየው አንዱ ትራ-1-60 ነበር፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ ብቻውን አልበቃም።

ትራ-1-60 የሴሉ ውጪ ላይ ያለ የስኳር ምልክት ስለሆነ አንቲቦዲው ሴሉን ሳይገድል ይይዘዋል። ኮንትሮል ስትገዙ ልብ በሉ፣ ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው አንቲቦዲ አይጂኤም የሚባለው አይነት ነው፣ አይጂጂ አይሶታይፕ፣ ማለትም ሌላ አይነት አንቲቦዲ የሆነ ኮንትሮል፣ አጠገቡ ብታስቀምጡ ምንም አይነግራችሁም። ጃፓን ውስጥ አይስት የሚባለው የምርምር ተቋም የሰራው ደግሞ አርቢሲ2ኤልሲኤን የሚባል ሌክቲን (ስኳር የሚይዝ ፕሮቲን) አለ፣ መነሻው ቡርክሆልደሪያ ሴኖሴፓሺያ የምትባል ባክቴሪያ ናት፣ እሱም የሚይዘው ፖዶካሊክሲን የሚባለው ፕሮቲን ላይ ያለውን ስኳር ነው። ፖዶካሊክሲን ወደ ሚዲየሙ ስለሚለቀቅ ሴሉን ሳትነኩ ሚዲየሙን ብቻ ወስዳችሁ «ስቴም ሴል ቀርቷል ወይ?» ብላችሁ መጠየቅ ያስችላል፣ ይሄ ለህክምና ስራ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ስህተት ደሞ አለ ከአይጥ ሴል የመጡ ሰዎች የሚሰሩት፣ ኤስኤስኢኤ-1 የሚባለውን ማርከር ለሰው ሴል ያዛሉ። አይጥ ላይ የስቴም ሴል ምልክት ነው፣ የሰው ላይ ግን ሴሉ መለወጥ ሲጀምር ነው የሚመጣው። ለሰው ኤስኤስኢኤ-4 ነው።

የእኔ ምክር፦ አንድ ትንሽ ሞለኪውል እና አንድ የላይኛው ሽፋን አንቲቦዲ አብራችሁ ተጠቀሙ፣ ምክንያቱም በሁለት የተለያየ መንገድ ስለሚጠይቁ ሁለቱም አብረው የመሳሳታቸው እድል ትንሽ ነው። ከታች የማሳየው ኬፒ-1ን ከትራ-1-60 ጋር ነው፣ አንቲቦዲውን በቀይ ዳይ የተያያዘ ግዙ፣ ለምሳሌ አሌክሳ 647።

ደረጃ 1፦ ሴሎቹን ማዘጋጀት

ባለ 24 ዌል ፕሌት ላይ ሴሉ የሚይዝበትን ማትሪጀል ወይ ቪትሮኔክቲን ቀቡ። ማትሪጀል ከሆነ ሌሊቱን 4 ዲግሪ ላይ ቀስ ብሎ ይቅለጥ፣ ክፍል ሙቀት ላይ ብታቀልጡት ቱቦው ውስጥ ይረጋና ሙሉ ብልቃጡን ትጥሉታላችሁ፣ ቲፑም ቢሆን ቀዝቃዛ ይሁን። አይፒኤሱን በ0.5 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ ነቅላችሁ በትንንሽ ክምር ዝሩት፣ 10 ማይክሮሞላር ዋይ-27632 ጨምሩ፣ ሮክ ኢንሂቢተር የሚባለው ማለት ነው። የሰው ስቴም ሴል ለየብቻው ሲሆን ራሱን ያጠፋል፣ ይሄ ኬሚካል ያንን ይከለክለዋል፣ በ2007 ጃፓን ውስጥ የዮሺኪ ሳሳይ ቡድን ካሳየው ጀምሮ ሴሉን ለየብቻ አድርጎ ያለሱ የሚሰራ ጥቂት ነው። በነጋታው አውጡት። 2 ወይ 3 ቀን ጠብቃችሁ ኮሎኒው መካከለኛ ሲሆን ስሩ፣ በጣም ከተጨናነቀ መሀሉ ቀለም በደንብ አይደርሰውም፣ ዳሩ ብቻ ይበራና ልዩነት ያለው ይመስላችኋል።

አሁን ሰዎች የሚዘሉት ነገር፣ ኔጌቲቭ ኮንትሮሉ። ስቴም ሴል ያልሆነ የሰው ሴል ጎን ለጎን የግድ ያስፈልጋል። ቀላሉ የቆዳ ፋይብሮብላስት ነው። የተሻለው ግን ከዛው ከራሳችሁ ላይን የተለወጠ ሴል ነው፣ ሚዲየሙን ቤዚክ ኤፍጂኤፍ (ስቴም ሴልነቱን የሚያቆየው የእድገት ፕሮቲን) ወደሌለው ቀይራችሁ 10 ማይክሮሞላር ሬቲኖይክ አሲድ ለ5 እስከ 7 ቀን ስጡት፣ ይለወጣል። ለምን ይሻላል ካላችሁ፣ ጀነቲኩ አንድ ስለሆነ ልዩነቱ የመጣው ከመለወጡ ብቻ መሆኑን ታውቃላችሁ። የምትችሉ ከሆነ ሁለቱንም አድርጉ።

ስለዚህ ፕሌታችሁ ላይ ቢያንስ እነዚህ ዌሎች ይኑሩ፦ ምንም ያልተቀለመ አይፒኤስ፣ ምንም ያልተቀለመ የተለወጠ ሴል፣ ኬፒ-1 ብቻ፣ አንቲቦዲ ብቻ፣ ሁለቱም በአይፒኤስ ላይ፣ ሁለቱም በተለወጠው ላይ፣ እና ዲኤምኤስኦ ብቻ የገባበት። ከዛ ደግሞ ሁለት ዌል የተለወጠ ሴል ፓምፑን የሚዘጋ መድሀኒት የሚገባበት፣ እሱን ደረጃ 4 ላይ አብራራዋለሁ።

ደረጃ 2፦ ፕሮቡን መበጥበጥና መጠኑን ማግኘት

ዳዩ በዱቄት ነው የሚመጣው። ንፁህ ዲኤምኤስኦ ውስጥ 1 ሚሊሞላር ስቶክ ስሩ፣ በ10 ማይክሮሊትር በ10 ማይክሮሊትር ከፋፍላችሁ በፎይል ጠቅልላችሁ ማይነስ 20 ላይ አስቀምጡ፣ አንዴ የቀለጠውን መልሳችሁ አታቀዝቅዙ። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ ከዚህ ስቶክ 1 ማይክሮሊትር በ1 ሚሊሊትር ሚዲየም ውስጥ ስትጨምሩ 1 ማይክሮሞላር ይሆናል፣ ዲኤምኤስኦውም 0.1 በመቶ ነው፣ ከዚህ በላይ ባይሄድ ጥሩ ነው ምክንያቱም ዲኤምኤስኦ ራሱ ስቴም ሴልን ወደ መለወጥ ሊገፋ ይችላል።

መጠኑን ከሰው ፕሮቶኮል ገልብጣችሁ ዝም ብላችሁ አትቀጥሉ። 1 ማይክሮሞላር መነሻ ይሁናችሁና 0.1፣ 0.3፣ 1 እና 3 ማይክሮሞላርን (ለ3ው ዲኤምኤስኦው ከ0.1 በመቶ እንዳያልፍ 3 ሚሊሞላር ስቶክ ስሩ) ለ30፣ 60፣ 120 እና 180 ደቂቃ ሞክሩ፣ አንድ ቀን ይፈጃል፣ ብዙ ወር ያድናችኋል። የምትፈልጉት በጣም ደማቁን ውጤት ሳይሆን በአይፒኤሱና በተለወጠው ሴል መካከል ያለው ሬሾ ትልቁ የሆነበትን ነው። ዳዩ ሲበዛ ፓምፖቹ ይጨናነቃሉ፣ የሚገባው ከሚወጣው ይበልጣል፣ እና ሁሉም ነገር ያበራል።

ሚዲየማችሁም ውጤቱን ይቀይረዋል። ኤምቲሰር1 የሚባለው ሚዲየም ውስጥ አልቡሚን በብዛት አለ፣ አልቡሚን ደግሞ እንዲህ አይነት ዳይ ላይ ይለጠፋል፣ ስለዚህ ሴሉ ጋ የሚደርሰው ያነሰ ነው። ኢ8 ውስጥ አልቡሚን የለም። አንዱ ላይ የለካችሁትን መጠን ሌላው ላይ ብትጠቀሙ ወይ ደብዛዛ ይሆናል ወይ ሴሉን ትጎዱታላችሁ። ሚዲየም የቀየረ ሰው ታይትሬሽኑን፣ ማለትም የመጠን ሙከራውን፣ እንደገና ይስራ።

ደረጃ 3፦ ማቅለምና ማስተፋት

የሁዱን መብራት ቀንሱ። የተበጠበጠውን ዳይ 37 ዲግሪ ላይ ያሞቃችሁት ሚዲየም ውስጥ ጨምራችሁ ገልብጣችሁ አዋህዱ፣ በቀጥታ ዌሉ ላይ ስቶክ አታንጠባጥቡ፣ ጠብታው ያረፈበት ቦታ ላይ ያሉት ሴሎች ይቃጠላሉ። አሮጌውን ሚዲየም ስባችሁ አዲሱን 0.5 ሚሊሊትር በየዌሉ ስጡ። ኢንኩቤተር ውስጥ መልሱት፣ 37 ዲግሪ፣ ካርቦንዳይኦክሳይድ 5 በመቶ።

ሙቀቱን ቀላል ነገር አታድርጉት። ፓምፖቹ ኤቲፒ ይፈልጋሉ፣ ሲቀዘቅዝ ይቆማሉ። ፕሌቱን ጠረጴዛ ላይ ክፍል ሙቀት ላይ ካቀለማችሁት የተለወጡት ሴሎችም ዳዩን መትፋት ያቅታቸዋል።

ጊዜው ሲያልቅ በሞቀ ሚዲየም ሁለት ጊዜ እጠቡ። ከዛ ዳይ የሌለበት ሚዲየም ስጡና እንደገና ኢንኩቤተር ውስጥ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት አስቀምጡት። እኔ ይሄን ደረጃ «ማስተፊያ» ነው የምለው። መጀመሪያ ሰሞን እሱን ዘልዬው ነበር፣ አጥቤ ወዲያው ማይክሮስኮፕ ስር ሳስገባው ፋይብሮብላስቱ ልክ እንደ አይፒኤሱ አበራብኝ፣ ዳዩ ተበላሽቷል ብዬ አዲስ አዘዝኩ፣ አዲሱም ያው ሆነ፣ ሁለት ሳምንት ሄደብኝ። ዳዩ ምንም አልሆነም ነበር፣ ፋይብሮብላስቱ የገባበትን ለማውጣት ጊዜ ነበር የሚያስፈልገው። አንድ ሰዓት ብጠብቅ ኖሮ አይቼው ነበር።

አንቲቦዲውን ማስተፊያው ላይ አብራችሁ መጨመር ትችላላችሁ፣ አምራቹ ባለው መጠን ለ30 ደቂቃ፣ ከዛ ሁለት ጊዜ ማጠብ።

ደረጃ 4፦ የፓምፕ ኮንትሮል

ከመመሪያው ሁሉ ይሄን ብቻ ያዙልኝ ብል ደስ ይለኛል። ሁለት ዌል የተለወጠ ሴል ውሰዱ። ከዳዩ 30 ደቂቃ ቀድማችሁ አንዱ ላይ ቬራፓሚል 50 ማይክሮሞላር ጨምሩ፣ እሱ በዋናነት ኤቢሲቢ1ን ይዘጋል። ሌላኛው ላይ ኮ143 የሚባለውን 1 ማይክሮሞላር፣ እሱ ኤቢሲጂ2ን ይዘጋል። ዳዩ ሲገባም፣ ማስተፊያው ላይም መድሀኒቱ አብሮ ይቆይ፣ ማስተፊያው ላይ ከረሳችሁት ፓምፑ ይነቃና ኮንትሮሉ ይከሽፋል። ሶስተኛ ዌል ካላችሁ ሁለቱንም አንድ ላይ ሞክሩ።

ጨልሞ የነበረው የተለወጠ ሴል አሁን ካበራ ፕሮቡ የሚሰራው በምታስቡት መንገድ ነው። ካላበራ ግን ሌላ ነገር አለ፣ ምናልባት ማይቶኮንድሪያው የተጎዳ ነው፣ ምናልባት ዳዩ አልገባም፣ ምናልባት ሴሎቹ እየሞቱ ነው፣ እና ያንን ሳታጣሩ «ያልበራው ስቴም ሴል አይደለም» ብላችሁ መደምደም አትችሉም። አይፒኤሱ ላይ ደግሞ መድሀኒቱ ብዙ ለውጥ ማምጣት የለበትም፣ የሚዘጋ ፓምፕ እምብዛም ስለሌለ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ማስጠንቀቂያ፣ ካልቸራችሁ ውስጥ ለሌላ ጉዳይ የምትጨምሩት መድሀኒት ካለ እሱም ፓምፕ ሊዘጋ ይችላል። ሳይክሎስፖሪን ኤ ለምሳሌ ይዘጋል። የመድሀኒት ስክሪን እየሰራችሁ ፕሮቡን እንደመለኪያ የምትጠቀሙ ከሆነ «ስቴም ሴልነትን ጠበቀ» ብላችሁ የምትመርጡት መድሀኒት ምናልባት ፓምፕ ከመዝጋት ሌላ ምንም ያላደረገ ይሆናል።

ደረጃ 5፦ ማይክሮስኮፕ ላይ

ፌኖል ሬድ የሌለበት ሚዲየም አድርጉ፣ ቀዩ ቀለም ባክግራውንድ ይሰጣል። ኬፒ-1ን በአረንጓዴው ማጣሪያ፣ አንቲቦዲውን በሩቅ ቀይ እዩ። መጀመሪያ ያልተቀለመውን ዌል አስገብታችሁ ኤክስፖዠሩን ወስኑ፣ ከዛ በኋላ ለሁሉም ዌል አንድ አይነት ይሁን፣ ኦቶ ኤክስፖዠር ይጥፋ፣ እሱ ካለ ማሽኑ የጨለመውን አብርቶ ያሳያችኋል። መብራቱን ቶሎ ዝጉ፣ ለፎካስ ብራይትፊልድ ተጠቀሙ፣ ዳዩ እየሳሳ ይሄዳል ሴሉም በብርሀን ይጎዳል።

ጥሩ ስቴይን ምን ይመስላል? በትልቅ ሌንስ ስታዩት ኒውክሊየሱ ጨለማ ሆኖ ዙሪያውን ክር ክር ወይ ነጠብጣብ መሆን አለበት፣ ማይቶኮንድሪያ ነዋ። ሴሉ ጠቅላላ አንድ ወጥ ሆኖ ከበራ፣ ኒውክሊየሱም ጭምር፣ ያ ሴል እየሞተ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ኮሎኒው ላይ የተቀመጡ ክብ ክብ ሆነው በሀይል የሚያበሩም አብዛኛውን ጊዜ የሞቱ ናቸው፣ አትቁጠሯቸው። ፊክስ አድርጌ ነገ አየዋለሁ ማለት አይሰራም፣ ፊክስ ስታደርጉ ዳዩን የሚይዘው የማይቶኮንድሪያው ቻርጅም የፓምፑም ስራ ያበቃል፣ ዳዩ ይበተናል። ያው ቀን ያው ሰዓት ነው የሚታየው።

ደረጃ 6፦ በሶርተር መለየት

ሶርተር ሴሎችን አንድ በአንድ እያሳለፈ በብርሀናቸው የሚለይ ማሽን ነው። ሴሎቹን በአኩታዝ (ሴል የሚነቅል ኢንዛይም) 37 ዲግሪ ላይ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ነቅላችሁ ለየብቻ አድርጓቸው፣ በ40 ማይክሮን ወንፊት አሳልፉ፣ ቁጠሩ፣ በሚሊሊትር 1 ሚሊዮን ገደማ አድርጉት። ማቅለሙንና ማስተፋቱን ፕሌት ላይ ጨርሳችሁ ነው የምትነቅሉት። ትራ-1-60 በአኩታዝ አይጎዳም ብላችሁ አታስቡ፣ በትንሽ ዌል ሞክራችሁ እዩት፣ ከጎዳ አንቲቦዲውን ከነቀላችሁ በኋላ ጨምሩ። ከተነቀሉ በኋላ በረዶ ላይ ይቀመጡ። ቅድም ቅዝቃዜን ሸሽተነዋል፣ አሁን ግን እንፈልገዋለን፣ ፓምፖቹ እንዲቆሙና ሶርተሩ ጋ ወረፋ ስትጠብቁ ውጤቱ እንዳይቀየር። ማጠቢያው ፒቢኤስ ከ2 ሚሊሞላር ኢዲቲኤና ከትንሽ አልቡሚን ጋር ይሁን፣ ሮክ ኢንሂቢተሩ አይረሳ።

ማሽኑ ላይ ከመሄዳችሁ በፊት ዳፒ ጨምሩ፣ የሞቱትን ለይቶ ያሳያል። ሲዲዋይ1 እየተጠቀማችሁ ከሆነ ፕሮፒዲየም አዮዳይድ አትጠቀሙ፣ ቀለማቸው ይደራረባል። ጌት (የምትፈልጉትን ሴል ለይቶ የሚከብብ መስመር) ስትስሉ በቅደም ተከተል፦ መጀመሪያ ፍርስራሹን አውጡ፣ ከዛ የተጣበቁ ጥንዶችን፣ ሁለት ሴል አንድ ላይ ሲያልፍ በእጥፍ ስለሚያበራ ያታልላል፣ ከዛ ዳፒ የያዛቸውን፣ መጨረሻ ላይ አረንጓዴና ቀይ። መስመሩን የምትስሉት በተለወጠው ሴል ላይ ነው፣ ባልተቀለመው አይፒኤስ ላይ አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል፣ ያልተቀለመውን እንደ ዜሮ ይወስድና ትንሽ ዳይ የቀረበት የተለወጠ ሴል ሁሉ ፖዚቲቭ ይሆንበታል።

የ100 ማይክሮን ኖዝል ተጠቀሙ፣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ እነዚህ ሴሎች ስስ ናቸው። ሁለቱንም የያዙትን አንድ ቱቦ ውስጥ፣ አንዱንም ያልያዙትን ሌላ ቱቦ ውስጥ ሰብስቡ። ኬፒ-1 ያላቸው ትራ-1-60 ግን የሌላቸው ከወጡም አትጣሏቸው፣ ለይታችሁ አስቀምጡ፣ ፓምፕ ሳይኖራቸው ስቴም ሴልነታቸውንም ያጡ ከሆነ እነሱ ናቸው የፕሮቡን ገደብ የሚያሳዩአችሁ። ወዲያው ሮክ ኢንሂቢተር ባለው ሚዲየም ዝሯቸው፣ ላሚኒን-521 ካላችሁ ለየብቻው ለሆነ ሴል በጣም ጥሩ ነው፣ በ24 ሰዓት ሚዲየም ቀይሩ።

ደረጃ 7፦ ማረጋገጥ

ከተለየው ሴል ከፊሉን ያኔውኑ ስላይድ ላይ አድርጋችሁ ፊክስ አድርጉና ኦክት4ንና ናኖግን እዩ። ሌላው ክፍል ይደግ፣ ከሳምንት በኋላ ኮሎኒ ይቁጠሩ፣ ከበራውም ካልበራውም። ያልበራው ቱቦ ኮሎኒ ከሰጠ የሳላችሁት ጌት ጥብቅ ነው ወይ ስቴይኑ አልደረሰም። ሶስቱን የፅንስ ሽፋኖች መስራት መቻሉን በኤምብሪዮይድ ቦዲ (ተንሳፎ የሚያድግ የሴል ክምር) አሳዩ። ክሮሞዞሙንም አልፎ አልፎ አስመርምሩ፣ ፕሮቡ ስለ ክሮሞዞም ምንም አይልም፣ ያልተለመደ ክሮሞዞም ያለው አይፒኤስም እንደጤነኛው ያበራል።

ደረጃ 8፦ ስንት ድረስ ማየት ትችላላችሁ?

በመስከረም 2014 ኮቤ ከተማ ማሳዮ ታካሃሺ የመራችው ቡድን ከአይፒኤስ የተሰራ የሬቲና ሴል ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተከለ። እንዲህ አይነት ህክምና ላይ የሁሉም ሰው ጭንቀት ከተለወጡት ሴሎች መሀል ሳይለወጥ የቀረ አንድ ስቴም ሴል ሰውነት ውስጥ ገብቶ ቴራቶማ የሚባል እጢ እንዳይሰራ ነው። ስለዚህ ፕሮቡን ለዚህ የምትጠቀሙ ከሆነ «አላየሁም» ማለት የሚበቃው የማየት ገደባችሁ ከታወቀ ብቻ ነው።

አሰራሩ እንዲህ ነው። የተለወጠ ሴል 1 ሚሊዮን ውሰዱ፣ እሱ ላይ የታወቀ ቁጥር አይፒኤስ ቀላቅሉበት፦ 10 ሺህ፣ 1 ሺህ፣ 100፣ እና ምንም። ማለትም 1 በመቶ፣ 0.1 በመቶ፣ 0.01 በመቶ እና ዜሮ። አይፒኤሱ ቀድሞ በሌላ ቀለም የሚያበራ ላይን ቢሆን ትክክለኛውን መልስ ጎን ለጎን ታያላችሁ። ሁሉንም አንድ ላይ አቅልሙ፣ እያንዳንዱን ሶስት ሶስት ጊዜ ድገሙ፣ ፖዚቲቭ ጌት ውስጥ የወደቀውን ቁጠሩ። ዜሮ የቀላቀላችሁበት ቱቦም የሆነ ቁጥር ይሰጣችኋል፣ በጭራሽ ባዶ አይሆንም፣ እሱ ቁጥር ባክግራውንዳችሁ ነው። ከባክግራውንዱ በግልፅ ከፍ ብሎ በሶስቱም ድግግሞሽ የታየው ትንሹ ቅልቅል ገደባችሁ ነው፣ ለምሳሌ 0.1 በመቶው ታይቶ 0.01 በመቶው ከዜሮው ካልተለየ ሪፖርታችሁ ላይ የምትፅፉት «ከ1 ሺህ 1» ነው። ለአዲስ ላይን፣ ለአዲስ የመለወጫ ፕሮቶኮል፣ ለአዲስ የዳይ ሎት እንደገና ይሰራል፣ ምክንያቱም ነርቭ ሴል፣ የልብ ሴልና የጉበት ሴል ያላቸው ፓምፕ አንድ አይነት አይደለም፣ ለጉበት የለካችሁት ገደብ ለነርቩ አይሰራም።